ሰባት ሆነን በርሽን ያንኳኳን ጠዋት

ውድ እልፍነሽ፣

ሁሉም ሰላም ነው። ማንም አልሞተም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ከእኔ የመጣ ነገር ስታዪ ልብሽ የት እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው። እናትሽን ትናንት ደብረ ብርሃን ደውዬ አነጋግሬያቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ካማረሩና የጎረቤት ውሻ እንቅልፍ ነሳኝ ካሉ በቀር ደህና ናቸው። ወንድምሽ ሠረቀብርሃንም ከጎናቸው ሆኖ በውሻው ነገር ሲስቅባቸው ሰምቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ማተሚያ ቤት በሚገባበት ጠዋትም እንደገና እደውላለሁ። እንግዲህ ተረጋግተሽ አንብቢኝ።

በዚህ ገጽ ላይ በየወሩ የሰው ሠርግ፣ የሰው ክርስትና፣ የሰው አዲስ መኪና ሳወራ ታውቂኛለሽ። ዛሬ የማወራው የራሴን ጉድ ነው። በሰው ፊት የማወራውም ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ስልክሽ ከተዘጋ ስድስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ፎርድስበርግ መደብሽ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ፣ አጠገብሽ ብርድ ልብስ የምትሸጠው ሴትዮ ሁለቱንም ጊዜ "አሁን ወጣች" አለችኝ። ከተሰቀሉት ሻርፖች ሥር ጫማሽ ይታየኝ ነበር። ይቺን መጽሔት ግን ሳትገዢ እንደማታልፊ እሷው ሹክ ብላኛለች።

አንቺን የማያውቅ አንባቢ ካለ ይወቅልኝ። በጆሃንስበርግ ለምንኖር ሰዎች አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መርዶ ስትነግሪን ኖረሻል። አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚደውለው እዚህ ላለው ልጅ አይደለም፤ ለአንቺ ነው። ቁጥርሽን ማን ለማን እንዳቀበለው እንጃ፣ ከሆሳዕና እስከ መቀሌ ይዘውታል። የእስላሙም የክርስቲያኑም ቤት፣ ልብስ በጅምላ ከምታከፋፍለው ከሩመይሳ ጋር ሁለት ሆናችሁ ትሄዳላችሁ። ነጠላሽን አጣጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ ትደብቂያለሽ። ስትገቢ የተጣደ ነገር ካለ እሳቱን ታጠፊያለሽ። ቀጥለሽ ስልኩን ትቀበያለሽ፤ ፌስቡክ እንዳይቀድምሽ። ከዚያ ሰውየው ቆሞ ሰምቶ እንዳይወድቅ መሬት ታስቀምጪዋለሽ። ነገሩን ሳታዞሪ ባጭሩ ትነግሪዋለሽ፤ ከዚያ ይዘሽው ትቀመጫለሽ። ማንም ሂጂ ብሎሽ አያውቅም።

የአባቴንም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሂልብሮው አንድ ክፍል ለአምስት በተጋራንበት ዘመን እኔና አንቺ አንድ ፍራሽ ላይ የተኛን ሰዎች ነን፤ የዚያን ቀን ግን ከእህት በላይ ሆንሽኝ። ራሴን ደረትሽ ላይ አድርገሽ እስኪመሽ ከቦታሽ አልተነሳሽም። ከዚያ በኋላ እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። መንገድ ላይ ከሩቅ ሳይሽ እሻገር ነበር። ለልጄ ክርስትና ስላልጠራሁሽ "በግርግሩ ረሳሁሽ" ብዬሽ ነበር፤ አልረሳሁም። ለባለቤቴ "እሷ ስትገባ እንግዳው ሁሉ ደንግጦ ስልኩን ማየት ይጀምራል" ብዬዋለሁ። እኔ ብቻም አይደለሁም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ስንት ሠርግ ላይ እንደተጠራሽ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ማኅበራችን ዘንድሮ ለበጎ ፈቃደኞች ምስጋና ሊያቀርብ ነው ሲባል፣ ስምሽን ከሁሉ ቀድሜ የጠራሁት እኔ ነኝ። ከኅሊናዬ ጋር ልታረቅበት ፈልጌ ነው መሰለኝ። ሰብሳቢያችን አቶ ማርቆስ እሑድ አዳራሹ ውስጥ እንጥራትና እንሸልማት ነበር ያሉት። ሰርፕራይዝ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ጠዋት፣ ወደ መደቧ ሳትወጣ፣ ቤቷ ሄደን እናብስራት አልኩ። ለመጽሔቱ ፌስቡክም ጥሩ ቪዲዮ ይወጣዋል አልኩ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በርሽን አንኳኳን። ሰባት ነበርን። ለፎቶው እንዲያምር ሴቶቹ ነጠላ ለብሰናል፤ አቶ ማርቆስ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን አድርገዋል። አበባው መኪና ውስጥ ነው፤ የምስክር ወረቀቱን አቶ ማርቆስ ከጀርባቸው ደብቀውታል። ድምፅ እንዳታሰሙ ብያቸዋለሁ። መርዶ በማለዳ፣ በቡድን፣ በዝምታ እንደሚመጣ ከልጅነታችን ጀምሮ እያየን ያደግን ሰዎች ነን እኮ። መኪና ውስጥ ሳለን ሩመይሳ ብቻ "ጠዋት ባይሆን አይሻልም?" ብላ ነበር። "አንቺ ደግሞ እንቅልፍሽን ስትወጂ" ብዬ ቀልጄባት አለፍኩ።

በሩን ከፈትሽ። አንድ በአንድ አየሽን። አልጮህሽም። ተመልሰሽ ገባሽና የሻዩን እሳት አጠፋሽ። ስልክሽን ከጠረጴዛው አንስተሽ ለሩመይሳ ሰጠሻት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጥሽ።

"በሉ ንገሩኝ" አልሽ። "እማዬ ናት?"

አቶ ማርቆስ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ።

"ሠረቀ ነው?" አልሽ። ቀጥለሽ ደግሞ፣ ድምፅሽ ወርዶ፣ "የሠረቀ ልጆች ናቸው?"

ቤተሰብሽን ተራ በተራ ስትቀብሪ ቆመን አየንሽ። ሩመይሳ ሰውን ገፍታ ገብታ፣ "ማንም አልሞተም፣ ወላሂ ማንም አልሞተም" እያለች እስክታቅፍሽ ድረስ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ያን ጊዜ ሁሉ ስልኬ ይቀርጽ ነበር። ደንግጬ ማጥፋት አቅቶኝ አይደለም። "እማዬ ናት?" ስትዪ ፊትሽ በደንብ እንዲታይ ወደ ግራ ፈቀቅ ብያለሁ። ምሥራቹን ሰምተሽ ስትስቂ ከዚህ ጋር ሲቀጠል እንዴት ያምራል ብዬም አስቤያለሁ።

ነገሩ ሲገባሽ አልሳቅሽም፤ አልተቆጣሽምም። ተነሥተሽ ለሰባታችንም ሻይ ቀዳሽ። ኩባያ ስላልበቃ ለአቶ ማርቆስ በማርማላት ብርጭቆ ሰጠሻቸው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክማችኋል" ብለሽ ሸኘሽን። እሑድ ስምሽ ሲጠራ ግን ወንበርሽ ባዶ ነበር። አቶ ማርቆስ "አሟት ነው" አሉ፤ ሰውም አጨበጨበ። ስልክሽም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም፤ እኔ ያበላሸሁትን እንድታውቂው ነው። ካትሌሆንግ ሰፈር ሱቅ ያለው ሽኩር የእናቱን ሞት በፌስቡክ ሰማ። አገር ቤት ያሉት አንቺን ሲፈልጉ ሁለት ቀን አለፈ፤ በመካከሉ የአክስቱ ልጅ የእናቱን ፎቶ "አላህ ይዘንላት" ብላ ለጠፈችው። እንደልማዱ ከውስጥ ቆልፎ በበሩ ፍርግርግ እየሸጠ ነበር። የያዘውን ዳቦ ለደንበኛው አቀበለ፣ መልስ ሰጠ፣ ከዚያ እዚያው ፍርግርጉ ሥር ተዝለፈለፈ። ውጭ ያሉት ቢጮሁ ቢነቀንቁ ማን ይግባለት? ጎጎ፣ በእነሱ ቋንቋ አያቴ፣ እያለ የሚጠራት አንዲት የሰፈሩ አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እጇን በብረቱ መሃል አሾልካ፣ ዘመዶቹ እስኪደርሱ ትከሻውን ይዛው ቆየች። እሷ የያዘችው አንቺን ተክታ ነው።

ቀጥሎ የፀገነት አባት አረፉ። ሩመይሳ ደውላ "ያስቀየምሻት አንቺ፣ የምትሄጂውም አንቺ" አለችኝና ይዛኝ ሄደች። ሂልብሮው፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራ። ነጠላዬን እንደ አንቺ ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄያለሁ። ፀገነት በሩን ከፍታ ሁለታችንን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ አንገቷን አስግጋ ከኋላችን ያለውን ደረጃ አየች።

"እልፍነሽ አብራችሁ የለችም አይደል?" አለች። "ተመስገን። እሷ ካልመጣች ደህና ነው።"

ፈገግ አለች እኮ፣ እልፌ። ግቡ ብላ ወንበር ሳበችልን። እኔም ፈሪዋ አመስግኜ ተቀመጥኩ። ስለ ደረጃው አወራሁ፤ ስለ ሰሞኑ ብርድ አወራሁ። እሳቱን ማጥፋት ረሳሁ። ሩመይሳ ተነሥታ ስታጠፋው ፀገነት እጇን አየቻት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ነገርኳት ማለት አልችልም። ከፊቴ ላይ አነበበችው።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሩመይሳ የነገረችኝ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ከየመርዶው በኋላ ወዲያው ወደ ቤት አትሄጂም አሉ። ታክሲው መጨረሻ ድረስ ትሄጂና፣ ሳትወርጂ በዚያው ትመለሻለሽ፤ ፊትሽ እስኪደርቅ። አሥራ አራት ዓመት። እኛ የምስክር ወረቀት በመስታወት አሠርተን ስንመጣ፣ "ለአንቺስ ማን ይነግርሻል?" ብሎ የጠየቀሽ ሰው የለም።

ቪዲዮውን ሩመይሳ ፊት አጥፍቼዋለሁ። ተመለሺ አልልሽም። ከፀገነት በኋላ ሌላ ሁለት ቤት ሄደናል፤ እሳት ማጥፋቱን አሁን አልረሳም። ለአንቺ የሚነገር መርዶ ቢኖር መጀመሪያ ለእኔ እንዲደውል ስልክ ቁጥሬን ለሠረቀብርሃን ሰጥቼዋለሁ። ፈቃድሽን ሳልጠይቅ ነው ያደረግሁት፤ ለዚህም መቆጣት ከፈለግሽ ተቆጪኝ።

አንድ ቃል ግን ልግባልሽ። ከእንግዲህ ወደ ቤትሽ ስመጣ ከሰዓት በኋላ ነው የምመጣው፤ ብቻዬን፣ በዚያ በምትጠዪው ቀይ ሹራቤ። ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኜ "በሰላም ነው! በሰላም ነው!" እያልኩ እጮኻለሁ፤ ጎረቤቶችሽ ይሳቁብኝ። በሩን ባትከፍቺልኝም ጮኼ እመለሳለሁ።

እንደዚያ ሳልጮህ የመጣሁ ቀን ግን፣ ሩቅ ያድርገውና፣ አንቺ ምንም አትንኪ። እሳቱን እኔ አጠፋዋለሁ። በኋላም ታክሲው መጨረሻ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ።

የፍራሽ ተጋሪሽ
ሮሃ