ያልጻፍኩት ቃል

ሰቆጣ፣ ኅዳር 17 ቀን 2001 ዓ.ም.

ዛሬ የሟች ልጄን ላፕቶፕ ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩ። ውስጡ የአባቷ ድምፅ አለ፤ ከመሞቱ በፊት በቋንቋችን በኽምጣንጋ ሲያወጋ የቀዳችው። ያለ ይለፍ ቃሉ አይከፈትም አለኝ። በየእሑዱ ቅጂውን ትገለብጥበት የነበረውን ፍላሽም ሰጠሁት። እሱም ተቆልፏል።

«ቃሉን አልነገረችዎትም፣ እማማ?»

ነግራኛለች። «እማዬ፣ እኔ ባልኖር እንዳይጠፋ ደብተርሽ ላይ ጻፊው» ብላኝ ነበር። ያኔ ፊደል ገና አልለየሁም ነበር። መጻፍ ችያለሁ ብዬ ዋሽቻት ስለነበር አፍሬ የምጽፍ መስዬ ገጹን ጫጫርኩት። ቃሉም ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ገጹን ገልጬ አሳየሁት።

«ይሄን ዶሮ ናት የጫረችው?» ብሎ ሳቀ።

ይሳቅ፤ የተቆለፈበት የእሱ ሰው አይደለም።

አሁን ጋዜጣ ሳይቀር አነባለሁ። ያቺን ገጽ ግን ላነባት አልቻልኩም፤ ቀድጄ ልጥላትም አልቻልኩም።