ለሙት ዓመቱ የላክሽው ቅባት

ቡራዩ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሩቲ፣

እንዴት ከርመሻል? ሥራው እንዴት ነው? ማዳምሽስ ተሻላት? እኔ ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ፤ እሱም የዕድሜ ነው። በስልክ ስንገናኝ «አባዬ፣ ምነው ዝም አልክ?» ትይኛለሽ። ፊትሽ ስልኩ ላይ ብቅ ሲል ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ሳጥንሽን ያመጣችልኝ ጓደኛሽ ፀዲ ወደ ዱባይ ሳትመለስ በእጇ ልላክልሽ ብዬ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። የስምንተኛ ክፍል ጽሕፈት ነውና ታገሺኝ።

የእናትሽን ሙት ዓመት ጾሙ ሳይገባ እሑድ ዕለት አወጣን። ካህናቱ በጊዜ መጡ፤ ጎረቤቱም አልቀረም። ኦቦ ጃለታ ድንኳኑን ሲተክል ከገፈርሳ በኩል ነፋስ ተነሥቶ ሸራውን ቢነጥቀው፣ «ያለምወርቅ ናት! ድሮስ ያለ እሷ ትእዛዝ በዚህ ግቢ ምን ተተክሎ ያውቃል?» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልምጣ። የላክሽው ቅባት በደኅና ደርሶኛል። «ለእማዬ ስልክላት የነበረው ነው፤ በሙት ዓመቷ ለሴቶቹ በስሟ አድልልኝ» ማለትሽን ፀዲ ነግራኛለች። ልጄ፣ አላደልኩትም። አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ሴቶቹ «ሩቲ ምን ላከችልን?» ሲሉኝ «ሰላምታ» አልኳቸው፤ ንፉግ ነው ሳይሉኝ አልቀሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ የመጣ ሰሞን፣ መስቀል እንዳለፈ፣ አክስትሽ ዲንቄ ከሰበታ ልትጠይቀኝ መጣች። ውስጥ እግሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጥቶባታል። እናትሽ የወጣባት ዓይነት ነው። «የእህቴን የእግር ማሳከክ ያስታገሠላት ይኼ ቅባት ነው፤ አንዱን ስጠኝ» አለችኝ። እንደምታውቂው እኛ ሁላችን እናትሽን የወሰዳት የብሽሽቷ እብጠትና የሳንባዋ ነገር ነበር የሚመስለን። ሆስፒታል «ዘግይታችኋል» ሲሉኝም እብጠቱን ያሉ መስሎኝ ነበር። እግሯማ ድኗል ብለን ነበር። ስለዚህ ለዲንቄ አንዱን ቱቦ አውጥቼ ሰጠኋት።

ሳትጀምረው ግን፣ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር ከአዲስ አበባ ሰበታ መጥቶ ሰዉን በነፃ ሊያይ ነው ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ተነገረ። ብቻዬን እፈራለሁ ብላ ደወለችልኝና አብሬያት ሄድኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። አንዲት ወጣት ሐኪም፣ ዶክተር ኤዶም ትባላለች፣ ማይክራፎን ይዛ ስታስተምር አንዲት አሮጊት ከኋላ አቋረጧት።

«ማኅበር ስትሉ የምን ማኅበር ነው? የጽዋ ነው የእድር?»

«የሐኪሞች ነው እማማ። ጽዋም ድንኳንም የለንም።»

«ታዲያ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ዓይናችንን።»

«እሱንማ እኛም አለን!» አሉና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዶክተሯም ሳቀች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ «የቆዳ ሐኪም በአገራችን ጥቂት ነው፤ አንዱ ብቻውን ስንቱን እግር ያያል? በማኅበር ስንሆን ግን የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን እናሠለጥናለን፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ቅባት ቁጥጥር ይደረግበት ብለን እንጮኻለን፤ እንዲህ እየዞርንም እናያለን። የእናንተን ዓይን ደግሞ የት ማየት እንዳለበት እናሳየዋለን።»

የዲንቄ ተራ ሲደርስ አልወልቅም ያለው ጫማዋ ሳይሆን እሷ ነበረች። ውስጥ እግር ለሰው ይታያል ወይ? ዶክተሯ መሬት ላይ ተንበርክካ እግሯን ስታነሣ «ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ተነሽ የኔ ልጅ፣ ምነው ታስኮንኚኛለሽ?» ብላ ጮኸች። «እቴቴ፣ እኛ የምንፈልገው ነገር የሚደበቀው እዚህ ነው። ፀሐይ የማያየው ቦታ ላይ። ሰዉ ፊቱን ያሳየናል፤ በእግሩ ግን ያፍራል» አለቻት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «የተቀባ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ዲንቄም ከቦርሳዋ ቱቦውን አወጣች፤ «ልጀምረው ነበር» አለች።

ዶክተሯ አገላብጣ አነበበችው። «እንኳን አልጀመሩት። ይኼ የተቆጣ ቆዳ ያበርዳል። ማሳከክ ያቆማል፤ ቅላቱም ይጠፋል። ሰው ዳንኩ ብሎ ይቀመጣል። ነጥቡ ግን ወደ ውስጥ ሥራውን ይሠራል። በኋላ ብሽሽት ላይ እብጠት ሆኖ ሲወጣ እኛ ጋ ይመጣሉ» አለች።

ሩቲ፣ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩልሽ። ያን ጊዜ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የዲንቄን ቆርጠው መረመሩት። ክፉው በሽታ፣ ካንሰር፣ ሆኖ ተገኘ፤ ግን ገና አልተዛመተም ነበር። ዙሪያውን ቆርጠው አወጡት። አሁን በከዘራ እያነከሰች እኔን ታዝዘኛለች፤ ትድናለች ብለውኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ጧፍ አበራሁ። ጧፉ ፊት ቆሜ ግን ምስጋናው አፌ ላይ ደረቀብኝ። ይህችን እህት ትተህ ያቺን ለምን ወሰድክ ልለው ዳድቶኝ ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ለዶክተሯ የእናትሽን ነገር ነገርኳት። በጊዜ ብትታይ ኖሮስ ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። አንቺም አትጠይቂኝ።

ያለፈው ወር በስልክ «የላክሁላት ቅባት አልጠቀማትም ነበር?» ብለሽኝ «ወዳው ነበር» ያልኩሽ እውነቴን ነው። ባዶውን ቱቦ እንኳ አትጥለውም ነበር። ከትራሷ ሥር አድርጋ እያሸተተች «ልጄ ያለችበት አገር እንዲህ ነው የሚሸተው» ትል ነበር። ኦቦ ጃለታ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ሲላት «ልጄ ልካልኛለች» ብላ ነበር የምትመልሰው፤ እንዴት ባለ ኩራት!

ይኼን ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ብዬ ነበር። ተውኩት። ዝም ማለቴ ለአንቺ አዝኜ ይሁን፣ ወይስ የቀረችኝን ልጅ እንዳላጣ ፈርቼ፣ ራሴን ብመረምር ለይቼ ማወቅ አቃተኝ። ሳጥን ባትልኪ ኖሮ ዝም ብዬ ወደ መቃብሬ ይዤው እወርድ ነበር። አሁን ግን ለሌላ ሰውም ትልኪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ፀዲ ለእናቷም እንደላክሽላቸው ነገረችኝ፤ እሱን ሄጄ በዘዴ ተቀብያለሁ። ከእንግዲህ ቅባት አትላኪ። አንቺም እንዳትቀቢ። ውስጥ እግርሽንም እዪ፤ የእናትሽና የአክስትሽ ደም አለብሽ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ማኅበሩ በራዲዮ ሊያስተምር ነው። ዶክተር ኤዶም «አባባ፣ እኛ መቶ ጊዜ ከምንናገር የደረሰበት ሰው አንዴ ቢናገር ይሰማል» ብላ ለመነችኝ። አሰብኩበት፤ ጸለይኩበትም። ከሱሉልታ ጉዟቸው ሲመለሱ እናገራለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። አንቺም በስልክሽ ትሰሚው ይሆናል፤ ስለዚህ የምለውን አስቀድሜ ልንገርሽ።

እናትሽ ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ውስጥ እግሯን በእጇ መድረስ አትችልም ነበር። ማታ ማታ ከጸሎት በኋላ እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ የምቀባት እኔ ነበርኩ። በራዲዮ «የቀባኋት እኔ ነኝ» እላለሁ። ውሸት የለበትም። ቅባቱ ከየት መጣ ብለው ቢጠይቁኝ ጆሮዬ ደክሟል፤ አልሰማም።

ለመስጠት የማይሰንፈውን እጅሽን የእናትሽ አምላክ ይባርክልኝ። እስከ ዕለተ ሞቴ እስመዋለሁ።

አባትሽ
ጎበና