በረዶን አውቀው የፈሩት አቶ ጥዑመልሳን ባዬ

አቶ ጥዑመልሳን ከአባታቸው ከአቶ ባዬ ወንድሙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙላቷ ደስታ በ1951 ዓ.ም. በደባርቅ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በጎንደር ጨርሰው፣ በ1972 ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ለመማር ወደ ሶቭየት ኅብረት ተላኩ።

ለልምምድ የተመደቡት ካውካሰስ ተራራ ላይ ነበር። መንገዱ ለመኪና ከመከፈቱ በፊት የበረዶ ናዳ ያሠጋ እንደሆነ ይመረምራሉ፤ በረዶውን በአካፋ ወደ ታች ቆርጠው ድርብርቡን በእጃቸው ይዳስሳሉ። ላዩ ጠንክሮ ሥሩ እንደ ስኳር የሚፈስ ከሆነ ማንም አያልፍም። አንድ ቀን ጓደኛቸው ፍሰሐ «ምን ይመጣል!» ብሎ አለፈ። አስከሬኑ የተገኘው በረዶው ሲቀልጥ ነው። ከዚያ ወዲህ አቶ ጥዑመልሳን ነጭ ተራራ በቴሌቪዥን እንኳ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ተመልሰው አገራቸውን በሙያቸው አገለገሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በመተማ በኩል ካርቱም ገብተው፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ የተላጃ ጥገና ሱቅ ከፈቱ፤ ማቀዝቀዣው ያስቸገረው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነበር። በ1985 ዓ.ም. የእኔን የበየነን እኅት ወይዘሮ ወይንሸት ሀይሉን አግብተው ሚልዮንንና ገሊላን ወለዱ። ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ በሙቀቱ የሚያማርር ሲያገኙ «ሙቀት ሰው አይቀብርም፣ አልሐምዱሊላ በል!» ይሉ ነበር።

ሚልዮን በ2008 ዓ.ም. ሳይነግራቸው በሊቢያ በኩል ወጣ። ባሕሩን በሰላም ተሻገረ ሲባል እልል አልን። ባለፈው ታኅሣሥ ግን ከጣልያን ድንበር ደውሎ «ባባ፣ ተራራውን በእግር አቋርጠን ፈረንሳይ ልንገባ ነው» አለ። ይህን ሲነጋገሩ እኔው አጠገባቸው ነበርኩ። በረዶውን ቆፍሮ እንዲዳስስ አዘዙት። «ሥሩ እንደ ስኳር ይፈሳል» አላቸው። «በእናትህ ይዤሃለሁ ልጄ፣ እኔ ሂድ ሳልልህ ንቅንቅ እንዳትል!» ብለው አስማሉት። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ይደውላል፤ እሳቸውም የነፋሱን፣ የፀሐዩን፣ የበረዶውን ሁኔታ ጠይቀው «ቆይ» ይሉታል። ጓደኞቹ «ያላ፣ እንሂድ» እያሉ ይጎተጉቱት ነበር። እሳቸው እህል አልቀመስ አላቸው።

የቆየ የልብ ሕመማቸው በዚህ ጭንቀት ጠንቶባቸው፣ በሕክምና ሲረዱ ሰንብተው፣ ጥር 9 ቀን 2010 ዓ.ም. በ59 ዓመታቸው አረፉ። እስከ መጨረሻው የጠየቁት «ደወለ ወይ?» ብለው ነው።

ሚልዮን ገና አልተረዳም። ዛሬ ጠዋት ሲደውል ገሊላ እንባዋን ውጣ «ባባ ተኝቷል፤ ቆይ ብሎሃል» አለችው። ወገኖቼ፣ መርዶ በወጉ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ደግፎ ይዞ የሚነገር ነው። እዚያ ማን ይይዘዋል? «ቆይ» የሚለው አባቱ እንደሌለ ካወቀ ተነሥቶ ይሄዳል ብለን ፈርተናል፤ በጣም ፈርተናል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ፌስቡክ ላይ እንዳታወጡ፣ ደውላችሁም እንዳታጽናኑት በእግዚአብሔር ስም እንለምናችኋለን።

አምላክ የአቶ ጥዑመልሳንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ወይንሸትና ለገሊላ ብርታቱን ይስጥልን። ሚልዮንንም በረዶው እስኪቀልጥ በአባቱ ቃል እዚያው ያቆይልን። አሜን።