መጋረጃውን የያዘው እጅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ አቃቂ በሰቃ እማማ ጽጌ ቤት ሄጄ የምወደው ፊልም ላይ ያለውን ራዲዮን በዓይኔ አየሁት። የድሮ የአማርኛ ፊልም ዕቃ መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ስፈልገው የኖርኩት እሱን ነው። ነጋዴዎች አምሳያውን ዋናው ነው ብለው ሸጠውልኝ ያውቃሉ። የኛ ፊልም ሠሪዎች ግን ዕቃ ከሰፈር ሰው ተውሰው ቀርጸው ይመልሳሉ፤ ዋናው የሚገኘው ሰው ሳሎን ውስጥ ነው። የዚህኛው አንዱ ማዞሪያ ወልቆ በቦታው የኮት ቁልፍ ተለጥፎበታል። ፊልሙ ላይም እንደዚያው ነው።

ይሽጡልኝ አልኳቸው።

"አይሸጥም ልጄ፣ የባለቤቴ ነው" አሉኝ። ቀጥለውም፣ "ሲቀርጹ እሱ በሩ ጋ ቆሞ ያይ ነበር። ፊልሙ ላይ አለ እንዴ? እኔ ፊልሙን አላየሁትም። እሱም ሳያየው ሞተ።"

ፊልሙን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የለም ልላቸው ነበር። ግን አይቼ እነግርዎታለሁ አልኩ።

ኮዬ ፈጬ ቤቴ እንደገባሁ ከፈትኩት። ራዲዮኑ የሚታይበት ቦታ ስደርስ አቆምኩት። በሩ ጋ መጋረጃውን የያዘ እጅ አለ፤ ፊት አይታይም። ያን እጅ የካሜራ ባለሙያው ስህተት ነው እያልኩ ስንቴ ተናድጄበታለሁ። ዛሬ ነው አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ እንዳለ ያየሁት።

ነገ ከሥራ ስወጣ ወስጄ አሳያቸዋለሁ። እንደሚለዩት አልጠራጠርም።

እራቴን ሳላሞቅ እጄን አምፖሉ ሥር ዘርግቼ አየሁት። ይህን ብቻ አይቶ "የእሱ ነው" የሚል ሰው ማን እንዳለ አሰብኩ። እስካሁን አልመጣልኝም።