በሞተር ላይ ለተፈቀደልን መንዙማ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሰልማን
የከተማችን የሞተር ሳይክል ሥርዓት አስከባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ከሚሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህ ጽሑፍ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ ጆሮዎችዎን ደግሞ ክፍት ሆነው እንዲያገኛቸው አላህን እለምናለሁ። እኔ ሙህዲን ሲራጅ እባላለሁ፤ በዚህችው ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ደብዳቤዬን አሽጌ ወደ ቢሮዎ ከመላክ ይልቅ በአደባባይ መጻፍ የመረጥኩት፣ የኮሚቴዎ ውለታ በእኔ ቤት ብቻ የሚቀር ስላልሆነ ነው።

በጥቅምት ወር ኮሚቴዎ በሞተር ተራው ግድግዳ ላይ «ሞተር እየነዱ ሙዚቃ ማዳመጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በለጠፈ ዕለት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ምሳዬን ረጋ ብዬ በላሁ። ደስታዬ አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን ሞተረኞቹ ተሰብስበው «መንዙማ ሙዚቃ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ ከኮሚቴዎ አባላት አንዱ «አስተግፊሩላህ! መንዙማን ከዘፈን እኩል አድርገን ልንቀጣ ነው?» ብለው ደነገጡ፤ እርስዎም ነገሩ ሳይካረር እስክሪብቶዎን አውጥተው ከማስታወቂያው ግርጌ «ይህ ክልከላ መንዙማን አይመለከትም» ብለው ጻፉ፤ ማኅተምም አሳረፉበት። አንድም ሰው ሳያስቀይሙ ሥራውን በመጨረስዎ ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ የከተማችንን ወጣቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሷሊህ፣ አላህን ፈሪ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ማዳመጫ በጆሮው የሰካ ሞተረኛ ሁሉ፣ ሲያስቆሙት የሚያዳምጠው መንዙማ ሆኖ ይገኛል። የእርስዎ ተቆጣጣሪ ደግሞ ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንዱን አስቁሞ፣ አንደኛውን ማዳመጫ ከልጁ ጆሮ ነቅሎ በራሱ ጆሮ ከሰካ በኋላ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን እያወዛወዘ ሲያጣራ በዓይኔ አይቻለሁ። ማጣራቱ አልቆ «ወላሂ፣ ድምፁ! ይቺን ለኔም ላክልኝ» ሲለው፣ ልጁም «ኧረ ጋሼ፣ ቀሪውን ልስማበት፣ መንገደኛ አለብኝ» ብሎ ማዳመጫውን ተቀብሎ ሄደ። ከኋላው የተቀመጡት እናት ፌስታላቸውን አቅፈው፣ በዚያ መሀል ጥሩምባ እያስጮኸ የቆመውን አይሱዙ በፍርሃት ያዩ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለፊዚክስ ትምህርት ስላደረጉት አስተዋጽኦ አመሰግናለሁ። እኔ በአላዋቂነቴ፣ የተደፈነ ጆሮ የሚደፍነው ነገር ምንም ይሁን ምን ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ አይሰማም እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንዲት ሰከንድ ውስጥ አሥራ ሰባት ሜትር ያህል እንደሚጓዝም ሰሌዳ ላይ አስልቼ አሳያለሁ። ኮሚቴዎ ግን በመንዙማ ጊዜ ሞተሩ ስንት ሜትር እንደሚጓዝ ስላልገለጸልን፣ ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ቅር እንዳይልዎ፤ እኔም መንዙማ እወዳለሁ፤ ድቤው ሲመታ እንባዬ ይመጣል። እንባዬ የሚመጣው ግን ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ነው፤ ልቤን ሙሉ በሙሉ የሚወስድ ነገር ልብን ሙሉ በሙሉ ከሚፈልግ መንገድ ጋር እንዴት እንደሚስማማ እስካሁን አልገባኝም።

ሦስተኛው ስለ ልጄ ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ።

ልጄ ነጅዋ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ስትሆን፣ የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ በመሥሪያ ቤቷ ሞተር ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ድረስ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለች። እርስዎ የዚህ አገር ሰው ስለሆኑ፣ በኅዳር ወር የጨፋ ሜዳ ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ እንደሚሆን ላስረዳዎ አያስፈልግም። እረኛው ከከብቱ ኋላ እንጂ ፊት አይሄድም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋ እንስሳ ከማሽላው መሀል ወደ አስፋልቱ ከመውጣቷ በፊት እረኛው ከውስጥ ሆኖ ይጣራል፤ መንገደኛውም ድምፁን ሰምቶ ይቆማል። በዚህ መንገድ ላይ ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። አባቶቻችን በፈረስና በበቅሎ፣ እኛም በመኪና ያለፍነው እንዲሁ ነው።

ባለፈው የሰንበቴ ገበያ ዕለት ዘመድ ልጠይቅ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከፊታችን የምትሄደው ሞተረኛ የእኔው ልጅ መሆኗን ከሳጥኑ ለየሁ። መስኮቱን ከፍቼ ነበር። ከማሽላው ውስጥ አንድ ሰው «ዻቢ! ዻቢ!» እያለ በኦሮምኛ አቁሚ ሲል እኔ ሰማሁ፤ ሾፌራችንም ሰምቶ ፍሬን ያዘ። ነጅዋ አልሰማችም። አንዲት ግመል አንገቷን ከማሽላው ስታወጣ ልጄ ከፊቷ ልትደርስ የቀራት ከመምህር ጠረጴዛ እስከ መጨረሻው ወንበር ያለውን ያህል ነበር። አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ስሟን ጠራሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም ያሰኘሁበት ድምፅ፣ ለአንዲት ልጄ አልደረሰም። ሞተሩ ወደ ግራ ተንሸራተተ፤ ከፊት ይመጣ የነበረው ሲኖትራክ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጣ፤ ልጄ በሁለቱ መሀል አለፈች። እንዴት እንዳለፈች ማስላት ሞክሬ አልቻልኩም፤ ቁጥሩ አያሳልፋትም።

ከፊት ቆማ ስንደርስባት ማዳመጫውን አውርዳ «አባ! አንተ ነህ እንዴ? ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?» አለችኝ። የጠራኋት እኔ መሆኔን እንኳ አላወቀችም። አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩና ያን ነገር ከጆሮሽ አውጪ ብዬ ለመንኳት። እሷም ስልኳን ከፍታ የማስታወቂያዎን ፎቶ ከነማኅተሙ አሳየችኝና «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕግ አክብሪ ስትለኝ አልነበር? ይኸው ሕጉ፤ መንዙማ ነው የማዳምጠው፤ ዘፈን አይደለም» አለችኝ። እኔ ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ የተጻፈ ነገር ታምናለች። አቶ ሰልማን፣ እኔን አባቷን በክርክር ያሸነፈችኝ በእርስዎ እስክሪብቶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከወጣች በኋላ በሰላም መድረሷን ለማወቅ እደውል ነበር። ሁለት ቀን ያህል እየነዳች ስልኩን አነሳች፤ «አባ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ምን ሆንክ?» ስትለኝ ነፋሱ በስልኩ ይሰማኛል። ለሕይወቷ ፈርቼ በምደውለው ስልክ ልትሞትብኝ እንደምትችል ስለገባኝ መደወሉን ተውኩ። አሁን እስክትደውልልኝ መጠበቅ ብቻ ሆኗል ሥራዬ። አምቡላንስ በትምህርት ቤታችን በር ሲያልፍ ጠመኔ ከእጄ ይወድቃል፤ ተማሪዎቼ አንስተው ይሰጡኛል። እናቷ ዙቤይዳም የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ብድግ ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች።

የምለምንዎት ታላቅ ነገር አይደለም። በእጅዎ የጻፉትን አንድ መስመር በእጅዎ ይሰርዙልኝ፤ በምትኩም «ሞተር የሚነዳ ሰው በጆሮው ምንም ነገር አይሰካም» ብለው ይጻፉ። ሞተረኛ ሊቀየምዎ ይችላል፤ የኮሚቴዎ አባልም ሊያኮርፉ ይችላሉ። ሁለቱንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጉልበት ስሜ እለምንልዎታለሁ።

ለእስክሪብቶዎ ቀላልነት፣ ለማኅተምዎ ክብደትና ማንንም ላለማስቀየም ላለዎት ትዕግሥት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ አላህ የእርስዎን ልጆች ከመንገድ ሁሉ በሰላም እንዲመልስልዎ ከልቤ ዱዓ የማደርግ፣

ሙህዲን ሲራጅ
የነጅዋ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መስመሩ ሳይሰረዝ ቆይቶ፣ አላህ አያድርገውና፣ ልጄ ከዚያ መንገድ ሳትመለስ ብትቀር፣ ኮሚቴዎ የሐዘን መግለጫ እንደሚያወጣ አልጠራጠርም። እባክዎን በመግለጫው ላይ በጆሮዋ የነበረው በኮሚቴው የተፈቀደው ዓይነት እንደነበር በትክክል ይጻፍልን፤ ነጅዋ ሕግ ጥሳ ሞተች እንዳይባልብኝ።