የዶክተር ዱረይድ ሪዝ

ኢርቢድ፣ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለቁሰይ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ከባድ ጥፋት እንዳምን ይፈቀድልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አባባ ማንም እንዳይነካው ባዘዘው ብዕር ነው። 

አሁን ወደ ወሬው። ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ፤ አባባ ሪዙን ተላጨ።

ሰኞ ጉንፋን ይዞት ቤት እንደዋለ ሲዋር የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪው መጣች፤ ከኬሚስትሪ ትምህርት ለመውጣት እሱ የሚፈርምበትን ቅጽ ይዛ። ሲዋር መስማት የተሳናት ናት፤ ንግግር የምትከታተለው የሰው ከንፈር እያየች ነው። ከክፍሏ አንደኛ ነበረች፣ አባባ ማስተማር እስኪጀምራት ድረስ።

"ምን አጎደልኩብሽ፣ የኔ ልጅ?" አላት። "እኔ እንደሆነ ሁሉንም እኩል ነው የማየው።"

"እውነቱን ነው" አልኩ ሻይ እያቀረብኩ። "ለሁሉም እኩል ጀርባውን ነው የሚሰጠው።"

"አንቺ፣ ሻይሽን አስቀምጪና ውጪ።" ከዚያ እንደ ልማዱ ሪዙን ጨበጠ። "በእኔ ማስተማር ምክንያት ትምህርቱን የተወ አንድ ተማሪ ካለ ይህ ሪዝ ይላጭ!"

ሲዋር ወደ እኔ ዞረች። "ምን አሉ?"

ሪዙ ከንፈሩን፣ እጁ ደግሞ ሪዙን ሸፍኖት ነበር። ደገምኩላት።

"ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ነው፣ ዶክተር" አለችው። "ወይ ከሰሌዳው ጋር ያወራሉ፣ ወይ ከሪዝዎ ጋር። እኔ አንዱም ጋ የለሁም።" አፈረችና ቅጹን ገፋ አደረገችለት።

አባባ አልፈረመም። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን ሲያይ ቆየና፣ "ሁለት ናቸው" አለ።

"ምኖቹ?" አልኩት።

"ትምህርቴን ጥለው የሄዱት።"

ተማሪው ሳለህ፣ ክፍሉ ውስጥ እየተንተባተብክ ጥያቄ በጀመርክ ቁጥር እሱ እየጨረሰልህ ስንት ጊዜ ሳትጠይቅ እንደተቀመጥክ፣ እኔ ነኝ የምነግርህ? አባባ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ሲወጣ የላይኛው ከንፈሩ እንደተላጠ ድንች ነጥቷል። እማዬ ባዕድ ወንድ መስሏት ሻርፗን ፍለጋ ሮጠች። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ሲዋር ግን አልሳቀችም፤ ከንፈሩን ትኩር ብላ እያየች ቅጹን ለሁለት ቀደደችው።

ዛሬ ክፍል ገብታለች። ሰሌዳው ላይ ይጽፍና፣ ዝም ብሎ ይዞርና፣ ከዚያ ነው አሉ የሚናገረው። አንድ የሚንተባተብ ልጅ ሲጠይቀው፣ የሌለውን ሪዝ እየዳበሰ እስኪጨርስ ጠበቀው። ሲዋር በስልክ "ዛሬ ሙሉውን ሰማሁ" ብላ ጽፋልኛለች። ከሰኞ ወዲህ እፎይ ብዬ የተነፈስኩት ያኔ ነው።

አላህ ከቡካሬስት ብርድ ይጠብቅህ፤ እስክትጨርስ የሚያዳምጥህም አያሳጣህ።

እህትህ ጁማና

ተይዣለሁ። በሩ ላይ ቆሟል።

"ጁማና።"

"አቤት፣ አባባ።"

ብዕሩን አየ። ወረቀቱን አየ። ቁጣውን ስጠብቅ፣ "ከታች ለእኔም መጻፊያ ቦታ ተይልኝ" አለኝ።