ለልማት ዝግጁ ስለተባለው የልብስ ማስጫ ሜዳ

ለክቡር የኢንዱስትሪ መሬት ዝግጅትና ማስተዋወቅ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን ያምዎታል ሲሉ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ሲዞሩ መዋል ቀላል ድካም አይደለምና እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልዎ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለምክትልዎ፣ እንዲሁም ሁልጊዜ በትሕትና ከደጅ ለሚመልሰኝ ጥበቃዎ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ በሐይቁ ዳር ጀልባ የማከራይ፣ የተሰነጠቀ ጀልባም የምደፍንና የምቀባ ሽማግሌ ነኝ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን እኖራለሁ። ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፌ ግን ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ከተዋወቅሁ ጀምሮ ጥሎኝ ሄዷል።

የእርስዎን ከመዘርዘሬ በፊት የራሴን ጥፋት ላስቀድም፤ በጸሎቴም ላይ የማደርገው እንደዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአዳራሻችሁ ቆሜ፣ ማይክሮፎን ጨብጬ፣ "በዚያ ሜዳ ላይ መቃብር የለም" ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። መቃብር አለ። እዚያ ከተቀበሩት አንዱ ልጄ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ለሁሉም እንዲሰማ ስለፈለግሁ የደብዳቤውን አንድ ቅጂ ለእርስዎ ልኬ፣ ሌላውን በገበያው መግቢያ እለጥፈዋለሁ። ቅር እንዳይልዎ።

ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው ነገር እዚያ ቤት እንደማይነበብ ተነግሮኛልና።

፩. ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው። በመንደራችን መግቢያ ያቆሙልን ሰሌዳ ግሩም ነው። በፊት እዚያ የነበረችው የእኛ ትንሽ ሰሌዳ "እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እዚህ ዕረፉ" ከማለት ሌላ ዕውቀት አልነበራትም። የእርስዎ ግን በአንድ ወገን ሐይቁን፣ በሌላው ወገን ጭስ የሚተፋ ማማ አሳይቶ፣ በመሀል "ለልማት ዝግጁ የሆነ የኢንዱስትሪ መሬት፤ መብራት፣ ውኃና መንገድ የገባለት፤ ከማንኛውም ነገር ነጻ" ይላል። ለመዋኘትና ለመቅዘፍ የሚመጡት እንግዶቻችን መኪናቸውን አቁመው ያነቡታል፣ ፎቶ ያነሡታል፣ ከዚያም አዙረው ይመለሳሉ። የማረፊያ ቤት ያላት ጎረቤቴ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናትና፣ የእርስዎን ባለሙያ መንገድ ላይ አግኝታው፣ ምን ዓይነት ፋብሪካ እንደሚመጣ ጠየቀችው። "ገና አልተወሰነም እትዬ፤ መሬቱ ግን ለማንኛውም ዝግጁ ነው" አላት። "ለማንኛውም ማለት ለምን?" ብትለው፣ "ለማንኛውም ነዋ!" ብሎ ሳቀባት። ክቡር ሆይ፣ ይህቺ "ለማንኛውም" የምትባል ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደራችን ውስጥ እንደ ባለቤት አልባ ውሻ ትዞራለች። ሳሙና ነው የሚሉ አሉ፤ ቆዳ ነው የሚሉ አሉ፤ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ነው የሚሉም አሉ፤ እነዚህኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚሉት። ምን እንደሚመጣብን ሳናውቅ ተሰናድተን እንድንጠብቅ ስላደረጉን ምስጋናችን የላቀ ነው።

፪. ስለ ፎቶግራፌ። ለባለሀብቶች ባሳተሙት ባለ ቀለም መጽሔት ውስጥ ጎንበስ ብሎ ጀልባ የሚደፍነው ሰው እኔ ነኝ። ከእግሬ ሥር "ታታሪ፣ ታዛዥና በአነስተኛ ክፍያ የሚሠራ የሰው ኃይል" የሚል ጽሑፍ አለ። በሕይወቴ ሦስት የሙገሳ ቃል ባንድ ላይ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ "ታዛዥ" የምትለዋን አንብባ እስክትወድቅ ትስቅ ነበር።

፫. ስለ ማስጫው። በጥናታችሁ ላይ ሜዳው "ጊዜያዊ የልብስ ማስጫ ገመዶች ያሉበት፤ የሚነሡ" ተብሎ ተገልጿል። ገመዱን በሜትር ለክታችሁ ካሳ ማሰባችሁ ለጋስነታችሁን ያሳያል፤ የማረፊያ ቤቶቹን አንሶላ የሚያጥቡት ሴቶች ግን ካሳውን አልወሰዱም። ባለሙያዎ ግራ ቢገባው አልፈርድበትም፤ እኛ ባሎቻቸውም ስንት ዘመን ግራ ስንጋባ ኖረናል። እያንዳንዱ ማረፊያ ቤት ፀሐይ የሚገባበት ጓሮ እያለው፣ እነሱ ውኃ ያዘለ አንሶላ በቅርጫት ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው እዚያ ሜዳ ላይ ያሰጣሉ። "ፀሐይዋ ጓሯችሁን አኩርፋ ነው?" እያልን እንቀልድባቸው ነበር። "እዚያ ንፋሱ ይሻላል" ነበር መልሳቸው። ንፋሱ ያው ነው፤ እኔ የጀልባ ሰው ነኝ፣ ንፋስ አውቃለሁ።

በዚህ መንደር ሳይተነፍስ የተወለደ ልጅ፣ ስም ሳይወጣለት ያረፈም፣ ከትልልቆቹ ጋር አይቀበርም ነበር። አባትየው ብቻውን ይወስደውና በሜዳው ዳር አኑሮት ይመለሳል። ድንጋይ አይቆምም፣ ሰው አይጠራም፣ እናትየውም የት እንደሆነ አትጠይቅም። ሳይጠይቁ እንዴት እንዳወቁት እግዚአብሔር ይወቅ፤ ብቻ እያንዳንዷ የራሷ ገመድ ነበራት። አንሶላውን ዘርግታ፣ ጫፉን እያቃናች፣ የቀረውን ውኃ እያራገፈች እዚያ የምትቆምበት ምክንያት ታገኝ ነበር። ባለቤቴ ዕድሜ ልኳን ያሰጣችው በአንድ ገመድ ላይ ነበር። ሬሳዋን ከሸኘሁ በኋላ የቀረውን አንሶላ ልሰበስብላት ወጥቼ፣ ገመዷ ሥር ስደርስ ልጁን ያኖርኩበት ላይ መቆሜን አወቅሁ። ቦታው ትክክል ነበር።

የሚቀጥለው ቁጥር የለውም። ልጁን የቀበርኩት በጀልባ መቅዘፊያ ቆፍሬ ነው። ዶማ ለመዋስ የጎረቤት በር ማንኳኳት ነበረብኝ፤ ለምንህ ነው ቢሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ስመለስ ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ፣ "ማንን ይመስላል?" አለችኝ። አዋላጇ አላሳየቻትም ኖሯል። እኔ አይቼው ነበር፤ ቅንድቡ የእሷን ይመስል ነበር። "አርፈሽ ተኚ" አልኳት። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተለዋወጥንም፤ እኔም ዝምታዬን ጀግንነት አድርጌ ቆጠርኩት። እናንተ በአዳራሹ ሰብስባችሁን "አባታችን፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩን፤ መሬቱ ላይ መቃብር አለ ወይ?" ብላችሁ ስትጠይቁኝ፣ በፊት ወንበር አስቀምጣችሁኝ፣ የታሸገ ውኃ ከፍታችሁልኝ፣ "አባታችን" ብላችሁኝ ነበር። በዚያ ስም በአደባባይ ሰው ጠርቶኝ አያውቅም ነበርና ደስ አለኝ። አባት ተብዬ ልጄን ካድኩት። ልብስ አጣቢዎቹ በአዳራሹ ከኋላ ቆመው ሰምተውኛል። አንገቷን የደፋች አንዲትም አልነበረችም፤ ሁሉም ቀጥ ብለው ያዩኝ ነበር። አስገድዳችሁኝ ነበር ብዬ እንዳልከስዎ ይህን ጻፍኩ፤ ያስገደደኝ የለም።

፬. ስለ ችካሎቹና ስለ ማሽኑ። ቀያሹ ጨዋ ልጅ ነው። ቀይ ጭንቅላት ያላቸውን ችካሎች ሲመታ ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ይዘው ያዩት ነበር። ከገመዶቹ ሥር አንዱ ችካል ያለ ድካም ሰተት ብሎ ገባ። ልጁ ቀና ብሎ፣ "እዚህ ጋ ተቆፍሮ ያውቃል እንዴ?" አለ። ችካሉን ነቅሎ ጫፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ራቅ አድርጎ ተከለው። ከዚያ አጥሩ መጣ። አሁን ሴቶቹ እርጥብ አንሶላቸውን ተሸክመው እስከ ሽቦው ይሄዳሉ፣ ውኃው ቀሚሳቸው ላይ እስኪንጠባጠብ ይቆማሉ፣ ተመልሰው በየጓሯቸው ያሰጣሉ። እርስ በርስ አይነጋገሩም። ያለ ሴት ወሬ መንደር ምን እንደሚመስል ክቡርነትዎ ሰምተው አያውቁም፤ ጆሮ ያማል።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቢጫው ኤክስካቫተር በትልቅ መኪና ተጭኖ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ ጥርሱን ሣሩ ላይ አሳርፎ፣ ልክ በገመዶቹ ፊት ለፊት ቆሟል። ሾፌሩ ጎረቤቴ ቤት ሻይ ሲጠጣ፣ "ሰኞ ነው የምጀምረው፤ የላዩን አፈር ሙልጭ አድርገህ ግፈፍ ተብያለሁ፤ ከሥሩ ያለው እኔን አያገባኝም" አለ። ክፋት የለውም፤ ሁለተኛ ሻይ ቀዳችለት። የገፈፈው አፈር የት እንደሚጣል ብጠይቀው፣ የሐይቁ ዳር ረግረግ በእሱ እንደሚደለደል ነገረኝ። ይኸውም ጀልባዎቼን የማስርበት ቦታ ነው። ሥራዬን አቅልላችሁ ልጄን እቤቴ ድረስ ልታመጡልኝ ማሰባችሁን ባላመሰግን ነውር ይሆንብኛል።

፭. ስለ መስኮት ቁጥር አራት። ምስክርነቴን ላርም መሥሪያ ቤትዎ ሄጄ ነበር። ጥበቃው፣ "አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጠፋብዎ?" ብሎ ፈተሸኝ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ በትሕትና አስተናገደችኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣት። "የሟች ሙሉ ስም?" አለች። ስም አልወጣለትም አልኳት። ኮምፒውተሯን ደጋግማ ነካካችና፣ "አባባ፣ ስም ካልገባ አያሳልፈኝም። ስም ከሌለ ሟች የለም፣ ሟች ከሌለ ደግሞ መቃብር የለም" አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርኩ፣ ባለቤቴ ይህን ያህል ዘመን ለልጇ ለምን እንዳላለቀሰች እንዲህ በአጭሩ ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም ነበር። ከዚያ ልጅቱ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ "ደግሞ ያኔ የለም ብለው ፈርመዋል፤ አሁን አለ ካሉ በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃሉ። ቢተዉት ይሻላል፤ ለእርስዎው ብዬ ነው" አለችኝ። "ልጄ፣ የመጣሁት ልጠየቅ ነው" አልኳት። ለካስ የሚጠይቀው ክፍል ሌላ ፎቅ ላይ ነው፤ እሱም ስብሰባ ላይ ነበር።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሰኞ ማሽኑ እንዳይነሣ። ፋብሪካውን አይሥሩ አላልኩም፤ ይህን ለማለት ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። ልጆቹ ካሉበት ይራቅ ነው ያልኩት። የሐሰት ምስክሩም እነሆ በእጃችሁ ነው፤ ቤቴን ጥበቃዎ ያውቀዋል፣ በሩ አይቆለፍም። በቅርቡ አፈር እንደሚደፋብኝ ተነግሮኛልና ፈጥነው ቢልኩብኝ መንገዱ ያልተበላሸ ሳለ ይደርሳሉ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለወገብዎ ብርታት፣ ለመሥሪያ ቤትዎ ብዙ ባለሀብት፣ ለሰሌዳዎም ዝናብ የማያጥበው ቀለም እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እነሣለሁ፤

ታዛዥና በአነስተኛ ክፍያ የሚሠራው የሰው ኃይል፣
የሐይቁ ዳር ጀልባ አከራይ

ሳልረሳው፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ እሑድ ከጸሎት መልስ፣ ለጀልባ ስም የምጽፍበትን ቀለምና አንድ ሳንቃ ይዤ ወደ ሜዳው ወጣሁ። ሴቶቹ ሽቦውን ወደ ላይ ያዙልኝ፤ በዕድሜዬ ባያምርብኝም በሆዴ ተስቤ ገባሁ። ከባለቤቴ ገመድ ሥር ተንበርክኬ፣ ሁሉም እየሰሙኝ፣ በአዳራሹ መዋሸቴን ተናገርኩ፤ ቅንድቡም የእናቱን ይመስል እንደነበር ነገርኳቸው። ከሽቦው ወዲያ አንዷ፣ "የኔንም ትጽፍልኛለህ?" አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀለሙ እስኪያልቅ ጻፍኩ፤ ሳንቃ ሲያልቅም አንዲቱን ጀልባዬን አፍርሼ ጨመርኩ። ለመስኮት ቁጥር አራት የጎደለው ስም ነበርና፣ ይኸው አሁን ሞልቷል። ስሞቹን ግን ከዚህ ደብዳቤ ላይ አያገኟቸውም። ለልጄ ስም አውጥቼለት፣ በገዛ እጄ ጽፌ፣ ከማሽኑ ጥርስ ፊት ለፊት ተክዬዋለሁ፤ መጥተው ያንብቡት።